ጎፈሩን ሳላይ የመዘገብኳቸው ሳንቲሞች

ያልጸዱ የሮማ የነሐስ ሳንቲሞች የገዛሁት እዚሁ ጀርመን፣ አንድ የሳንቲም ገበያ ላይ ነው። አርባ ፍሬ በላስቲክ ከረጢት። አፈር ለብሰው ጠጠር ይመስላሉ።

የመጀመሪያው ጥፋቴ ሎሚ ነው። እናቴ የነሐስ ሙቀጫዋን በሎሚ ስትወለውል እያየሁ ስላደግሁ አንዱን ፈተግሁት። አረንጓዴው ልባስ ተነሳ፣ ጽሑፉም አብሮት ሄደ። እጄ ላይ የቀረው ሮዝ የመዳብ ቁራጭ ነው። ከዚያ በኋላ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ዲስቲልድ ውሃ፣ ስቴኪኒና ትዕግሥት ብቻ።

ፊደል ብቅ ማለት ሲጀምር ጮቤ ረገጥኩ። «ኮንስታንት…» ይላል፤ ቀሪውን ዝገት በልቶታል። ታላቁ ቆስጠንጢኖስ ነዋ! ዘጠኙን በስሙ መዘገብኩ።

ከሁለት ወር በኋላ ሠንጠረዡን ሳየው አንድ ነገር ከነከነኝ። የዘጠኙም ጀርባ አንድ ነው። ወታደር ከፈረሱ የሚወድቅ ጠላት በጦር ይወጋል፤ ዙሪያውን «ፌል ቴምፕ ሬፓራቲዮ» ተጽፏል፣ የደጉ ዘመን መመለስ እንደ ማለት። ይህ ጽሑፍ ሳንቲም ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. ከ348 ጀምሮ ነው። ቆስጠንጢኖስ ደግሞ የሞተው በ337! (ከሞተ በኋላ ለመታሰቢያው የተመቱ አሉ፤ እነሱ ላይ ግን ተከናንቦ ነው የሚታየው።) ለካ ዘውዱን ብቻ ሳይ ጎፈሩን ረስቼዋለሁ።

መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርጌ ሳንቲሙን ቀስ እያልኩ አዞርኩት። ከ«ቲ» በኋላ አንዲት ቋሚ መስመር አለች። ከእሷ ቀጥሎ «ኤን» ቢመጣ አባትየው ነበር። የመጣው ግን ወደ ታች የሾለው «ቪ» ነው፣ ሮማውያን «ዩ»ን የሚጽፉበት ፊደል፤ ኮንስታንቲዩስ፣ ልጅየው። ስምንቱ እሱ ሆኑ። ዘጠነኛው ላይ የሰውዬው ራስ ባዶ ነው፣ የንጉሥ ማሰሪያ የለውም። ያ የአጎቱ ልጅ ጋሉስ ነው፣ ከ351 እስከ 354 ቄሳር (የንጉሡ ምክትል) የነበረው። የሱም ስም ሳንቲሙ ላይ ያው ኮንስታንቲዩስ ነው! ሲያናድድ።

አሁን ሁለት ዓምድ አለኝ፦ «ያየሁት» እና «የገመትኩት»። ያልታየኝን ፊደል በነጥብ እተወዋለሁ። ስፋቱን በሚሊሜትር፣ ክብደቱን በግራም እይዛለሁ። የተመታበትን ከተማ የሚነግሩኝ ከሥዕሉ ሥር ያሉት ፊደላት ናቸው።

ይሄ ልጅየው ኮንስታንቲዩስ ማን ነው ብዬ ማንበብ ስጀምር ደግሞ ያላሰብኩት ነገር ገጠመኝ። በ350ዎቹ ለአክሱሞቹ ኢዛናና ሳይዛና ደብዳቤ የጻፈው እሱ ነው። ፍሬምናጦስን፣ የኛን አባ ሰላማ፣ ሃይማኖቱ እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ ላኩት ይላቸዋል። አባ ሰላማን የሾመው ሊቀ ጳጳሱ አትናቴዎስ ነው፤ አትናቴዎስና ኮንስታንቲዩስ ደግሞ ዓይንና ናጫ ነበሩ።

ከስምንቱ አንዱ ሥር «ኤ ኤል ኢ» ይነበባል። እስክንድርያ። 2.3 ግራም። በማስታወሻው ዓምድ «የደብዳቤው ሰውዬ» ብዬ ጽፌበታለሁ።