ማንም የማያወራበት ፊልም

ዛሬ ሰው ማየት አላሰኘኝም። ዝናቡ ይሁን ወይ ሌላ ነገር፣ ብቻ ስልኬን በአፍጢሙ ደፋሁት። ጋቢዬን ተከናነብኩና ማንም የማያወራበት ፊልም ልይ አልኩ።

የመረጥኩት ዴንማርካዊው ካርል ቴዎዶር ድሬየር ፈረንሳይ ውስጥ የሠራውን የዣን ዳርክን (መናፍቅ ነሽ ተብላ በእሳት የተቃጠለችውን የፈረንሳይ ልጅ) ፊልም ነው፣ የ1928ቱን፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። ለካ ድምፅ የለውም ማለት አያወሩም ማለት አይደለም! የሚፈርዱባት ቄሶች አፋቸው አያርፍም። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀበላል፣ ጆሮ ለጆሮ ይንሾካሾካሉ፣ ያፈጣሉ፣ እንዲያውም አንዱ ሲጮህባት ምራቁ ፊቷ ላይ ያርፋል። ልጅቷ ሩዋን የምትባል የፈረንሳይ ከተማ ላይ በ1431 ስትዳኝ የተጻፈው መዝገብ ዛሬም ድረስ አለ፤ ጥያቄና መልሱ የተወሰደው ከዚያ ነው። ግን ሁሉም ንግግር በጽሑፍ አይመጣም። አፍ ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ፣ ጽሑፉን ትጠብቃላችሁ፣ ቀረ።

ደግሞ ፊት ብቻ ነው የምታዩት። ሰውዬው በስንት ገንዘብ ግንብ አሠርቶ፣ ግንቡን ትቶ ዣንን ሆና የምትጫወተውን የረኔ ፋልኮኔቲን ፊት ሲቀርፅ ከረመ። ሜካፕ እንኳ አላስቀባትም። ገንዘቡን ያወጡት ሰዎች ምን ብለውት ይሆን?

እና ምን አደረግሁ፣ ከንፈር ማንበብ ጀመርኩ። ፈረንሳይኛ የት አውቄ! ስለዚህ በአማርኛ ሞላሁላቸው። ወፍራሙን ቄስ «አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ የማን ነሽ?» አስባልኩት። ጮክ ብዬ፣ ብቻዬን። ይሄኔ ሚሚ ትዝ አለችኝ።

ያኔ ሰፈር ውስጥ ቴሌቪዥን የነበረው እነ እትዬ አ. ቤት ብቻ ነው። እግራችን ጭቃ ስለሆነ አያስገቡንም፣ በመስኮት ነበር የምናየው። ድምፁ አይወጣም። ሚሚ ከሁላችን ስለምትረዝም መስታወቱ ላይ ተለጥፋ «አሁን እንዲህ አለው፣ አሁን ደግሞ እንዲህ አላት» እያለች ትነግረናለች። እኛ ከኋላ ሆነን እናለቅሳለን። አንድ የህንድ ፊልም ነበር፣ ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው ቤት ተጣልተው ተጣልተው መጨረሻ ላይ የሚታረቁበት። በሚሚ ትርጉም ሁሉም ሰው መጨረሻ ላይ ይታረቅ ነበር።

ከስንት ዓመት በኋላ ያንን ፊልም ከነድምፁ አገኘሁት። ወንድማማቾች አይደሉም። አከራይና ተከራይ ናቸው! መጨረሻ ላይ የሚተቃቀፉት ደግሞ ተከራዩ ቤቱን ለቆ ሲሄድ ነው። እኔ እኮ ስለ ወንድማማችነት ስንት ሰው መክሬበታለሁ።

ያኔ ስቄ አለፍኩት። ዛሬ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። የዚያን ክረምት የሚሚ እናትና አባት ተኳርፈው አንድ ቤት ውስጥ አይነጋገሩም ነበር፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ «ለአባትሽ ንገሪው»፣ «ለእናትሽ ንገሪያት» እያሉ መልእክት የሚያመላልሷት እሷን ነው። እዚያም በመሀል ቆማ ታስተረጉም ነበር ማለት ነው። ለእናቷ አባቷ ያለውን ነው የምትነግራት ወይስ…

እና መስኮቱ ጋ፣ ትሰማ ነበር እንዴ? ጆሮዋን መስታወቱ ላይ ስትለጥፍ ትንሽም ቢሆን ይደርሳት ይሆን? ወይስ እሷም እንደኛው ነበረች?

ቀና ስል ላፕቶፑ ባትሪ ጨርሶ ጠፍቷል። ዣን ፀጉሯን እየላጯት ነበር፣ ከወለሉ ላይ ፀጉሩን ከገለባ ዘውዷ ጋር ሲጠርጉት አይታ፣ ፈርታ የፈረመችውን ቃል ከማጠፏ በፊት። እኔ ጋ ገና አልተቃጠለችም። ሻዩም ቀዝቅዟል።

ስልኩን አነሳሁት። ሚሚ ያለችበት አገር አሁን ሌሊት ነው። «ትሰሚ ነበር?» ብዬ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ «እንዴት ነሽ ሚሚዬ» ብዬ ጻፍኩ፣ እሱንም አጠፋሁ፣ አሁን ይኸው ሦስተኛውን እየጻፍኩ ነው።

ሰው ማየት አላሰኘኝም ብዬ ነበር አይደል?