ሦስት ጊዜ ያስቀየርኩት የይለፍ ቃል

የድርጅታችንን የሂሳብ ፕሮግራም ከአንድ ባንክ የሶፕ አገልግሎት (ፕሮግራሞች በኤክስኤምኤል የተጻፈ መልእክት የሚለዋወጡበት ሥርዓት) ጋር እንዳገናኝ ታዘዝኩ። የአገልግሎቱን መግለጫ ፋይል ማስገባት፣ ኮዱን ማመንጨት፣ ሰርተፊኬቱን መጫን ግማሽ ቀን አልፈጀም። የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ማረጋገጫው ላይ ግን 11 ቀን ተገትሬ ቀረሁ።

ለምልከው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ ማንነትዎ ሊረጋገጥ አልቻለም። መመሪያቸው እንዲህ ሲሆን አዲስ የይለፍ ቃል ጠይቁ ይላል። የሚጠየቀው ደግሞ ማኅተም ባረፈበት ደብዳቤ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ እስኪፈርሙ፣ መዝገብ ቤት ቁጥር እስኪሰጠው ሁለት ቀን ይሄዳል። ሦስት ጊዜ አስቀየርኩ። በሦስተኛው ላይ የድጋፍ ክፍሉ ሰው በስልክ "ወንድሜ፣ እስቲ ረጋ ብለው ይጻፉት" አለኝ። ፊደል እንዳልቆጠረ ሰው!

በመጨረሻ ያንኑ የይለፍ ቃል ሶፕዩአይ በተባለው መሞከሪያ አስገባሁት። ወዲያው ሠራ። ሁለቱን መልእክቶች አትሜ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋሁና በስክሪብቶ መስመር በመስመር ወረድኩ። መልእክቱ የተፈጠረበት ሰዓት ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። የመሞከሪያው 07:12 ይላል፤ የእኔ 10:14። የሁለቱም መጨረሻ ላይ ዜድ አለች፤ ሰዓቱ በዩቲሲ፣ ከአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ወደኋላ በሚቀረው ዓለም አቀፍ መለኪያ፣ ነው ማለት ነው። እኔ የአዲስ አበባን ሰዓት ወስጄ ዜዷን በገዛ እጄ ቀጥዬባታለሁ። የግድግዳው ሰዓት አራት ከሩብ ሊል ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስድስት ስደምርና ስቀንስ ኖሬ ሦስቷን ረሳኋት።

ከሦስት ሰዓት በኋላ የሚጻፍ መልእክት የደረሰው ሰርቨር አልቀበልም ማለቱ ያስመሰግነዋል። ምክንያቱን የሚደብቀውም ለሌባ ፍንጭ ላለመስጠት ነው፤ ይሁን። የእነርሱ ሎግ (የሰርቨሩ የክንውን መዝገብ) ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ተጽፎ ነበር፤ ገልጦ ያየ ጠፋ እንጂ።

ስለዚህ ደብዳቤ ከማጻፋችሁ በፊት የምትልኩትን ኤክስኤምኤል እንዳለ አውጥታችሁ እዩት። ዳይጀስት (በይለፍ ቃሉ ፋንታ ከእሱ የተሰላ አሻራ) የምትጠቀሙ ከሆነ ኖንሱን (ለአንድ መልእክት ብቻ የሚያገለግለውን የዘፈቀደ እሴት) ከቤዝ64 (ባይቶችን በፊደልና በቁጥር ከሚጽፈው አጻጻፍ) ሳትፈቱ ከሰዓቱና ከይለፍ ቃሉ ጋር ወደ ሻ-1 (አሻራውን ወደሚያሰላው ቀመር) አታስገቡት፤ እዚያም ብዙ ሰው ይወድቃል። መመሪያው ዳይጀስት ይሻላል ቢልም እኔ በቲኤልኤስ (መልእክቱ የሚያልፍበትን መስመር በሚያመሰጥረው ጥበቃ) ውስጥ ግልጹን የይለፍ ቃል መላክ እመርጣለሁ። ዳይጀስቱን ለማመሳከር ሰርቨሩ የይለፍ ቃላችሁን ራሱን ማስቀመጥ አለበትና።

ሦስቱ ደብዳቤዎች አሁንም ፋይሉ ውስጥ አሉ። ሥራ አስኪያጁ ችግሩ ምን እንደነበር ሲጠይቁኝ "በባንኩ በኩል ነበር" አልኳቸው።