ሩን ደሴት ላይ ውሃ የደፋሁበት ቀን

ጥፋቴን አስቀድሜ ልናገር። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሩን ደሴት ገብቼ ሻንጣዬን ካስቀመጥኩ አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ የአንድ ቤተሰብ የሁለት ቀን ውሃ ራሴ ላይ ደፍቼ ጨረስኩት።

ሰበብ አላጣም። ላብና የባሕር ጨው ፊቴ ላይ ደርቋል። መታጠቢያ ቤቱ ጠባብ ክፍል ነው፤ ጥጉ ላይ የሲሚንቶ ገንዳ አለ። ገንዳው ጢም ብሏል። ከላዩ እጀታ ያላት የፕላስቲክ መቅጃ ትንሳፈፋለች። የኢንዶኔዥያ ገጠር አስተጣጠብ እንዲህ ነው፤ ገንዳው ውስጥ አይገባም፣ እየቀዱ ራስ ላይ ማፍሰስ ነው። ቀዳሁ፣ አፈሰስኩ። ደግሜ ቀዳሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በፈረቃ ውሃ የኖረ ሰው ሙሉ ገንዳ ሲያይ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ይባስ ብዬ ሸሚዜንና ሁለት ካልሲ እዚያው አጠብኩ።

ስወጣ የቤቱ እመቤት በሩ አጠገብ ቆመዋል። ሰፈሩ ሁሉ «ማማ» ነው የሚላቸው፤ እኔም ማማ አልኳቸው። አንገታቸውን አስግገው ገንዳውን አዩት። ከዚያ ፈገግ ብለው «ሱዳህ ማንዲ?» አሉኝ። ታጠብክ? ማለታቸው ነው። ሌላ ምንም አልተናገሩም። ከጎረቤት ደሴት ከናይራ አብሮኝ የመጣው አስተርጓሚዬ ግን ጎተት አድርጎ ወደ ውጭ አወጣኝ።

«ባንግ» አለኝ፤ ወንድም ጋሼ እንደማለት ነው። «እዚህ ደሴት ላይ ወንዝ የለም። ምንጭም የለም። የጨረስከው ውሃ ከሰማይ የመጣ ነው።»

ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁት። ደመና የሚባል ነገር የለም።

ሩን ያለችባቸው የባንዳ ደሴቶች ካርታ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ ነው የሚመስሉት። ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ ማሉኩ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ባንዳ ባሕር መሃል ላይ ተበትነዋል። ከአምቦን ከተማ ማታ በመርከብ ተነስቼ ጠዋት ባንዳ ናይራ ደረስኩ። መርከቡ ላይ ሰው ምንጣፉን ዘርግቶ፣ ሩዙን በወረቀት ጠቅልሎ፣ ዶሮውን በካርቶን ይዞ ነው የሚጓዘው። የእኛን አገር የድሮ አገር አቋራጭ አውቶቡስ የሚያውቅ ሰው እንግድነት አይሰማውም። ናይራ ፊት ለፊት ጉኑንግ አፒ ቆሟል። «የእሳት ተራራ» ማለት ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው እ.ኤ.አ. በ1988 ነበር። ከናይራ ወደ ሩን ደግሞ በእንጨት ጀልባ ወደ ምዕራብ ሁለት ሰዓት ያህል ይኬዳል። ጀልባዋ ላይ ሃያ ሰው፣ ሩዝ በጆንያ፣ እንቁላል፣ የጋዝ ሲሊንደርና አንድ አዲስ ፍራሽ ነበር። የፍራሹ ባለቤት ፍራሹን ከማዕበሉ ለመከላከል ሙሉውን መንገድ ቆሞ ተጓዘ።

አንድ ነገር በጣም ገረመኝ። የእጅ ሰዓቴን መንካት አላስፈለገኝም። ማሉኩ ከእኛ በስድስት ሰዓት ትቀድማለች። የእኛ አቆጣጠርም ከፈረንጁ በስድስት ሰዓት ስለሚለይ፣ ሁለቱ ተጣፍተው መርፌዎቹ እዚያው ላይ ይገጥማሉ። አገሬ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሲሆን እዚያ ጠዋት ሰባት ሰዓት ነው። በእኔ ሰዓትም ሰባት! ይህንን ለአስተርጓሚዬ ለማስረዳት ግማሽ መንገድ ፈጀብኝ። የገባው አይመስለኝም።

እዚህ ድረስ ምን አመጣህ አትሉኝም? ገውዝ ነው። አያቴ ቅመም የምታስቀምጥበት ቆርቆሮ ነበራት። ከቅርንፉዱና ከኮረሪማው ጋር አንድ ሁለት ፍሬ ገውዝ አይጠፋውም ነበር። ጠንካራ፣ ድንጋይ የመሰለ፤ ሲፋቅ ሽታው ቤቱን የሚሞላ። ሆድ ሲነፋንም በሙቅ ውሃ ትንሽ ፍቃ ታጠጣን ነበር። ከየት ነው የሚመጣው ስላት «ከመርካቶ» ትለኛለች። ካደግሁ በኋላ ሳነብ ግን፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ዓለም ላይ የሚሸጠው ገውዝ በሙሉ ከእነዚህ ፍርፋሪ ደሴቶች ብቻ ይወጣ እንደነበር አወቅሁ። ቅርንፉዱም ቢሆን ጎረቤት ነው፤ ወደ ሰሜን ከተርናቴና ከቲዶሬ ደሴቶች ነበር የሚመጣው።

ሩን ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ትረዝማለች፤ ወርዷ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ለዚህች ግን አውሮፓ ተፋጅቶባታል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1603 መጡ። ከ1616 ጀምሮ ናትናኤል ኮርቶፕ የሚባል እንግሊዛዊ ከጥቂት ሰዎቹና ከደሴቲቱ ነዋሪዎች ጋር ሆኖ ሆላንዶችን አራት ዓመት ገደማ ተቋቋማቸው፤ በ1620 ተገደለ። በዓመቱ የሆላንዱ የምሥራቅ ሕንድ ንግድ ኩባንያ ገዥ ያን ፒተርስዞን ኩን በጦር ሠራዊት የባንዳን ሕዝብ አጠፋው። ከተገደለው፣ በረሃብ ካለቀው፣ ታስሮ ከተጋዘው የተረፈው ጥቂት ነው። መሬቱን ለሆላንድ ሰፋሪዎች አከፋፍለው፣ ከሌላ ቦታ ባሪያ አምጥተው ገውዝ ማስለቀም ጀመሩ። የሩንን ዛፎች ደግሞ እንግሊዝ እንዳይጠቀምባቸው ቆርጠው ጣሏቸው። በ1667 ሆላንድ ውስጥ ብሬዳ ከተማ ላይ ሲታረቁ ሆላንድ ሩንን፣ እንግሊዝ የዛሬዋን የኒውዮርክ እምብርት ማንሃታንን ይዘው ቀሩ። «ተለዋወጡ» እየተባለ ይወራል። የእኔ አስተያየት ግን ሌላ ነው። ሁለቱም በጉልበት የነጠቁትን ይዘው ቀሩ እንጂ፣ ማን የማንን አገር ነው የሚለዋወጠው? የሩንን ሰውም የማንሃታንን ሰውም የጠየቀ አልነበረም።

የዛሬዋ ሩን ከባሕሩ ዳር ጀምሮ ዳገቱን በደረጃ ይዛ የምትወጣ መንደር ናት። ቤቶቹ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሮዝ ተቀብተዋል። መኪና የለም። ደረጃው ላይ ዶሮ፣ ሕፃን፣ የደረቀ ዓሣና የተሰጣ ገውዝ አለ። አንዱን ላለመርገጥ ሌላውን መዝለል ነው። ሰው ሲያገኝህ ሰላምታው «ወዴት ነህ?» የሚል ነው። መጀመሪያ ላይ ጉዳያቸው ምንድን ነው ብዬ ነበር። በኋላ ሲገባኝ መልሱ አያስፈልጋቸውም። የእኛም «እንዴት አደርክ» መልስ ፈልጎ አይደለም።

የቤቶቹን ጣሪያ ልብ ብላችሁ ካያችሁ ሁሉም ቆርቆሮ ነው፤ ዙሪያውን አሸንዳ አለው። አሸንዳው በቱቦ ሲሚንቶ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይገባል። ለመጠጥ የሚሆነው ተፈልቶ በጀሪካን ይቀመጣል። እቃ የታጠበበት ውሃ ወለል ይጠረግበታል፣ ከዚያ የቃሪያው ተክል ሥር ይደፋል። ዝናቡ ሲዘገይ ከናይራ በጀልባ ውሃ እንደሚያስመጡ ማማ ነገሩኝ። ውሃ በባሕር ላይ ተጭኖ ሲመጣ አስቡት። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ጀሪካን ገዝቼ ላምጣ ብዬ በአስተርጓሚዬ በኩል ለመንኳቸው። ሳቁብኝ። «እንግዳ ውሃ አይገዛም» አሉ። ከዚያ ወዲያ በአራት መቅጃ ብቻ መታጠብ ለመድኩ። መታጠቢያ ቤቱ ከማድቤቱ የሚለየው በሳንቃ ብቻ ስለሆነ፣ ማማ እያንዳንዷን መቅጃ ይሰማሉ። እየቆጠሩ ይሆን? አልጠየቅኩም።

በማግስቱ ማማ ወደ ገውዙ ወሰዱኝ። ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ዳገቱን ግን በነጠላ ጫማ ነው የሚወጡት። እኔ ስኒከር አድርጌ አለከልካለሁ። ላይ ስትደርስ ፀሐዩ ጠፍቶ ጥላ ይሆናል። ረጃጅሞቹ ዛፎች ኬናሪ ይባላሉ። ፍሬያቸው እንደ ለውዝ ይበላል፤ ገውዙንም ከፀሐይና ከንፋስ ይከልሉታል። ገውዙ ከሥራቸው ነው፤ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ፣ ፍሬው ኮክ የሚመስል። ሲበስል ራሱ መሃሉ ላይ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ በኩል ያየሁትን ቀይ አልረሳውም። የሚያብረቀርቅ ጥቁር ፍሬ አለ፤ ዙሪያውን እንደ ዳንቴል የተጠለፈ ደማቅ ቀይ መረብ ይዞታል። እሱም ለብቻው ቅመም ነው። ከፍሬውም ይወደዳል። ሲደርቅ ቀዩ ወደ ብርቱካናማ ይለወጣል።

መልቀሚያው ጋይጋይ ይባላል። ረጅም የቀርከሃ ዘንግ ነው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ቅርጫትና ሁለት ጣት የመሰለ ነገር አለው። ጣቶቹን ፍሬው አንገት ላይ አግብቶ ሳብ፤ ፍሬው ቅርጫቱ ውስጥ ጠብ። ማማ ሲያደርጉት እንደ ቀልድ ነው። ለእኔ ሰጡኝ። ዘንጉ ይወዛወዛል፣ አንገቴ ተቀጨ፣ ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። በሩብ ሰዓት ሦስት ፍሬ አወረድኩ። ሁለቱ ጥሬ ነበሩ። ማማ ሁለቱን ጥሬዎች አገላብጠው አዩና ኪሴ ውስጥ ከተቱልኝ። ማስታወሻ ይሁንህ ነው መሰለኝ።

ከተተከለ ሰባት ስምንት ዓመት ካልሆነው አያፈራም። ወንድ ዛፍና ሴት ዛፍ አለ፤ ወንዱ ፍሬ የለውም። የትኛው ወንድ እንደሆነ ግን እስኪያብብ አይታወቅም። ስንት ዓመት ውሃ አጠጥተህ፣ ተንከባክበህ... ተዉት! ሆላንዶቹ ዘሩ ሌላ አገር እንዳይበቅል ገውዙን በኖራ ይነክሩት ነበር። አላዋጣቸውም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዞች ባንዳን ለጥቂት ዓመታት ሲይዙ ችግኙን ወስደው በየቅኝ ግዛታቸው ተከሉት። ዛሬ የካሪቢያኗ ደሴት የግሬናዳ ባንዲራ ላይ ያለው ገውዝ ነው።

የገውዙ ሥጋ እዚህ አይጣልም። በስኳር ይደርቃል፣ ጃም ይሆናል። ማታ የበላነው የዓሣ ሾርባም ገውዝ ነበረበት። አጠገቡ ኮሎኮሎ ይቀርባል፤ ቃሪያ፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ሎሚ ነው፣ ሳይበስል። በዚህ በኩል ቤቴ ነበርኩ። ቡናቸው ግን... የፈላ ውሃ ዱቄቱ ላይ ይገለበጥና እስኪዘቅጥ ይጠበቃል። ስኳሩ ማንኪያ ያቆማል። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ በረካ የለ! ጠጣሁት። ይሉኝታ ክፉ ነው።

ጀነሬተሩ የሚነሳው ሲመሽ ነው። መብራት ሲመጣ መንደሩ በአንድ ጊዜ ስልኩን ይሰካል። ሌሊት ላይ ሲጠፋ የባሕሩ ድምፅ ብቻ ይቀራል። በዚያ መሃል ባለው ሰዓት ወንዶቹ ደረጃው ላይ ይቀመጣሉ። ከየት እንደመጣሁ ሲገምቱ ሁሉም «ፓፑዋ!» አሉ፤ የኢንዶኔዥያ ምሥራቃዊ ጫፍ ነው። ጠጉሬና መልኬ እዚያው አገር ውስጥ አገር አገኘልኝ። «ኢትዮጵያ» አልኩ። ዝም። «አፍሪካ» አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ግን ደንታም አልሰጣቸው። አስተርጓሚዬ ድንገት «ሀባሻህ!» ብሎ ጮኸ።

አንድ ሽማግሌ ሲጋራቸውን አወረዱ። «የቢላል አገር?» አሉ። ልጆቹም «ነጃሺ! ነጃሺ!» ማለት ጀመሩ። ታሪኩን በቁርአን ትምህርት ቤት ተምረውታል። የተሰደዱትን የነቢዩን ባልደረቦች የተቀበለውን ንጉሥ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ትግራይ ውስጥ፣ ከውቅሮ አለፍ ብሎ፣ በስሙ የሚጠራ መስጊድ አለ ስላቸው ሽማግሌው ተነስተው ቦታቸውን ለቀቁልኝ። እሳቸው ራሳቸው የቡቶን ሰዎች ዘር ናቸው፤ ቡቶን ሱላዌሲ አጠገብ ያለች ደሴት ናት። የዱሮዎቹን ባንዳዎች ኩን ካጠፋቸው በኋላ ደሴቶቹን የሞላው ከየቦታው የመጣ ሰው ነው። «እኛ ሁላችንም በጀልባ ነው የመጣነው» አሉኝ።

ስለ ማንሃታን ጠየቅኳቸው። ያውቃሉ። ትንሽ ልጅም ያውቃል። አንዱ ወጣት «እነሱ ሕንፃ ደረሳቸው፣ እኛ ደግሞ ሲግናል የሌለው ስልክ» ብሎ አሳቀን። ታናሽ እህቱ ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ናይራ ዘመድ ቤት ነው የምትኖረው።

ሴቶቹ በበኩላቸው ማማ ቤት ተሰብስበዋል። ስማቸውን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ብርጭቆ ውስጥ ያንቀጫቅጫሉ። አሪሳን ይሉታል። አየሁና እቁብ ነው አልኩ፤ እቁቡ ራሱ! የወጣላት ሴትዮ ምን ልታደርግበት ነው ስል «አሸንዳ ልትለውጥ» ተባልኩ።

አራተኛው ሌሊት ላይ ቆርቆሮው ጠብ ጠብ አለ። ቤቱ በሙሉ በአንድ ጊዜ ነቃ። በባትሪ ብርሃን ባልዲ፣ ድስት፣ ሳፋ፣ የቀለም ጣሳ ወጣ። ማማ ቱቦውን ከማጠራቀሚያው ነቅለው መጀመሪያ የሚወርደውን ወደ ውጭ ለቀቁት፤ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ያጥባል። እጃቸውን ዘርግተው ይቀምሱታል፣ ይተፉታል። እንደገና ይቀምሳሉ። ከዚያ «ሱዳህ»፣ በቃ፣ ብለው ቱቦውን መለሱት። ለእኔ የደረሰኝ አሸንዳው የተቀደደበት ቦታ ላይ ሳፋ ይዞ መቆም ነው። ውሃው በክንዴ በኩል ብብቴ ውስጥ ይገባል። ከጎረቤት፣ ከላይኛው ደረጃ፣ ከታች ከባሕሩ ዳር፣ በየቤቱ የባልዲ ድምፅ ይሰማል። ማንም አልተኛም።

ጀልባዬ በጠዋት ነበር። ሻንጣዬን ይዤ ልወጣ ስል ማማ ፎጣ አቀበሉኝና ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገፋ አደረጉኝ። ገንዳው ጢም ብሏል። እንደለመድኩት አራት መቅጃ አፍስሼ ፎጣውን አነሳሁ።

«ላጊ!» አሉ ማማ ከሳንቃው ማዶ። ጨምር ማለት ነው።