የሰፈራችንን የገደብ ሰነድ በድምፅ ስናስቀይር የገጠመን

ዳላስ አጠገብ በጋርላንድ ከተማ፣ በእኛ ሰፈር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ብዙዎቻችን ታክሲ ወይም የዕቃ ማድረሻ መኪና እንነዳለን። የሰፈሩ የገደብ ሰነድ፣ ማለትም የቤት ባለቤት ሁሉ የሚገዛበት ደንብ፣ ግን የድርጅት ጽሑፍ ያለበትን መኪና ደጃፍ ላይ ማሳደር ይከለክል ነበር። ሌሊት ደክሞት የገባ ሰው መኪናውን ራቅ አድርጎ አቁሞ በእግሩ ይመለሳል፤ አለበለዚያ የቅጣት ደብዳቤ ይደርሰዋል። ይህን አንቀጽ አስቀይረናል፤ እኮራበታለሁ።

ማሻሻያውን ጠበቃ ጻፈልን፤ የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ቦርድም ለድምፅ አቀረበው። እስከዚህ ቀላል ነበር።

በቴክሳስ የንብረት ሕግ ምዕራፍ 209 መሠረት፣ ሰነዱ ራሱ ዝቅ ያለ ቁጥር ካላስቀመጠ በቀር፣ ገደብ የሚሻሻለው ከጠቅላላው ድምፅ 67 በመቶው ሲደግፈው ነው። ስብሰባ ከመጣው ሰው ሳይሆን ከጠቅላላው! ሰፈራችን 120 ቤት ስለሆነ 81 ድጋፍ ያስፈልገን ነበር። ቤቱን አከራይቶ ሌላ ግዛት የሚኖር ሰው ዝም ካለ ተቃወመ ማለት ነው። ማኅበሩ ሥራውን እንዲሠራለት የቀጠረው አስተዳዳሪ ድርጅት «የድምፅ ወረቀቱን በፖስታ ልከናል፤ ይበቃል» አለን። አይበቃም። በር ማንኳኳት ግድ ነው፤ ቬትናማውያን ጎረቤቶች ዘንድም ቋንቋቸውን የሚችል ሰው ይዞ መሄድ። አንዲት እናት «ልጄ፣ ይህን ብፈርም ቤቴን አይነኩብኝም?» ብለው ጠየቁኝ፤ የፈረሙት መስመር በመስመር ካስረዳኋቸው በኋላ ነው።

እስካሁን የሚያንገበግበኝ የቆጠራው ቀን ነው። የድርጅቱ ሠራተኛ የሰበሰብነውን ወረቀት ለሁለት ከፈለችና በአንደኛው ክምር ላይ «ውዝፍ ያለባቸው» የሚል ቢጫ ወረቀት ለጥፋ ወደ ጎን ገፋችው። ዕዳ ያለበት ድምፅ የለውም አለችን። ያ ክምር ሲወጣ ከ81 በታች ወረድን፤ «ማሻሻያው ወድቋል» ተብሎም በቃለ ጉባኤ ተያዘ።

የአብዛኛው ሰው ውዝፍ እኮ የመጣው ከዚያው ከመኪናው ቅጣት ነው! በአንቀጹ የተጎዳውን ሰው፣ አንቀጹ ባመጣበት ዕዳ ድምፁን ነጠቁት። ሕጉ ደግሞ ግልጽ ነው፤ አንቀጽ 209.0059 የባለቤቱን መብትና ግዴታ በሚመለከት ጉዳይ ላይ ድምፅ እንዳይሰጥ የሚያግድ የማኅበር ደንብን ዋጋ ያሳጣል። ይህን ማወቅ የነበረበት ከመዋጮአችን የሚከፈለው ድርጅት ነው። በስልክ ስንጠይቅ «የቆየ አሠራራችን ነው» አሉን፤ በደብዳቤ ስንጠይቅ መልስ የለም። ጠበቃችን አንቀጹን ጠቅሶ ሲጽፍ ግን ቦርዱ ዳግም ቆጠራ አዘዘ፤ የተገፋው ክምር ተመለሰ፤ አለፍን።

ድምፅ መሰብሰብ ሳትጀምሩ ማን ድምፅ መስጠት እንደሚችል ቦርዱን በጽሑፍ አስፈርሙት። ወረቀቱ መፈረሙን እዚያው በር ላይ እያላችሁ አረጋግጡ፤ የእያንዳንዱንም ቅጂ ያዙ። ከስብሰባው አዳራሽ ብዙ አትጠብቁ። ማሻሻያው በካውንቲው ጸሐፊ ጽሕፈት ቤት እስኪመዘገብ ድረስ አይጸናም፤ እኛ ዘንድ ድምፁ ካለፈ በኋላም የተቀጣ ሰው ነበር። ምዝገባውን ለአስተዳዳሪው አትተዉለት፤ ራሳችሁ ተከታትላችሁ የተመዘገበበትን ቁጥር ተቀበሉ።