የፈረሴ ዓይን እየደጋገመ ሲታመም እንዴት ወሰንኩ

የዳማዬ በሽታ ተመላላሽ ዩቪያይተስ ይባላል። የራሱ የሰውነት መከላከያ እየተነሳ የዓይኑን ውስጠኛ ክፍል ያስቆጣዋል። መድኃኒት ሲያገኝ ይተኛል፤ ሳምንታት ወይም ወራት ቆይቶ ያገረሻል። በዓለም ላይ ፈረሶችን ከሚያሳውሩ በሽታዎች ቀዳሚው እሱ ነው። ክፋቱ ደግሞ ባገረሸ ቁጥር አንድ ነገር አበላሽቶ መሄዱ ነው። አይሪሱ (ባለ ቀለሙ የዓይን ክፍል) ከኋላው ካለው ሌንስ ጋር ይጣበቃል፣ ሞራ ይጋርደዋል፣ አንዳንዱ ዓይን ግፊቱ ይጨምራል፣ አንዳንዱም እየሟሸሸ ያንሳል።

ሲጀምር የሚታወቀው በሽፋሽፍቱ ነው። ፈረሱን ፊት ለፊት ቁሙና ሁለቱን ዓይኖች አስተያዩ። የጤነኛው የላይኛው ሽፋሽፍት ቀጥ ብሎ ወደ ውጭ ይወጣል። የታመመው ወደ መሬት ያዘነብላል፤ የዓይኑ ቆብ ስለሚከብደው ነው። ከዚያ እንባው ይመጣል፣ ብርሃን ይጠላል፣ ብሌኑም ትጠብባለች። እኔ ሽፋሽፍቱን ካየሁ እንባውን አልጠብቅም፤ ሐኪም እደውላለሁ።

ሐኪሟ መጀመሪያ የምታደርገው ዓይኑ ላይ አረንጓዴ የሚያበራ ቀለም መጨመር ነው። ቀለሙ ከያዘ የዓይኑ መስተዋት ቆስሏል ማለት ነው። ቁስል ላይ ስቴሮይድ የሚባለው ቁጣ አብራጅ መድኃኒት ከተደረገ ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ካለፈው የተረፈች ጠብታ መደርደሪያ ላይ አለች ብሎ መጨመር የለም። ቁስል ከሌለ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ ይታዘዛል፣ ለሕመሙና ለቁጣው ፍሉኒክሲን ይጨመራል። አትሮፒን ደግሞ ብሌኗን ከፍቶ ሕመሙን ያስታግሳል፣ መጣበቁንም ይከላከላል። ግን የፈረስን አንጀት ሊያዘገይ ይችላል። አትሮፒን ላይ እያለ ፋንድያውን እከታተላለሁ። ፋንድያው ካነሰ፣ ሆዱንም ዞሮ ማየት ከጀመረ፣ ሌሊትም ቢሆን እደውላለሁ።

ቅባት መቀባቱ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በታመመው ዓይን በኩል እቆማለሁ፣ ቱቦውን የያዘውን እጄን ጉንጩ ላይ አሳርፋለሁ። ራሱን ሲያነሳ እጄም አብሮት ይነሳል፣ ዓይኑን አይወጋውም። እንዲያም ሆኖ ሰለቸው። ቱቦዋን ገና ሲያይ አንገቱን ሽቅብ መስቀል ጀመረ። ያኔ ሐኪሟ በላይኛው ቆብ ሥር ቀጭን የላስቲክ ቱቦ አስገባችለት። ቱቦው በግንባሩ አልፎ ከጋማው ጋር ተጎነጎነ፣ ጫፉ ትከሻው ላይ ቀረ። መድኃኒቱን ዓይኑን ሳልነካ ከትከሻው እሰጠዋለሁ። እሱ ድርቆሹን ይበላል። ፈረሱ ጉልበተኛ የሆነበት ሰው ይህን ቶሎ ይጠይቅ እላለሁ። ዓይኑ ጠራ ብዬም መድኃኒቱን አላቆምኩም፤ ቢያንስ 2 ሳምንት ጨምረን ቀስ በቀስ ነው የቀነስነው።

ደብተር መያዝ የጀመርኩት ለሐኪሟ እንዲመቻት ብዬ ነበር፤ በኋላ ግን ለውሳኔው ከምንም በላይ የጠቀመኝ እሱ ሆነ። የትኛው ዓይን፣ መቼ ጀመረ፣ መቼ ተረጋጋ፣ ብሌኗ እንዴት ነበረች፣ ያን ሰሞን ዝንብና አቧራ በዝቶ ነበር ወይ። አንድ ምሽት መለስ ብዬ ሳነብ በግራው ዓይን ላይ የደህናው ጊዜ እያጠረ መምጣቱ ፍንትው ብሎ ታየኝ። በየጊዜው ስናየው «ዘንድሮ ትንሽ ይሻላል» እንባባል ነበር። ደብተሩ ግን አይሻልም ይላል።

ምርጫዎቹን የተነጋገርነው ዓይኑ በተረጋጋ ሰሞን ነው። ይህን የጠየቀችው ሐኪሟ ነች። ሲያገረሽ ሰው ወይ ይቸኩላል ወይ ያመነታል፣ ሁለቱም አያስወስንም አለችኝ። ገና የሚያይና በመሃል የሚረጋጋ ዓይን ከሆነ፣ ሳይክሎስፖሪን (የሰውነት መከላከያን የሚገታ መድኃኒት) የያዘ ትንሽ ክኒን መሰል ነገር በዓይኑ ነጭ ሽፋን ሥር ይቀበራል፤ መድኃኒቱን በቀስታ እየለቀቀ ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል። በሽታውን ሊቀሰቅስ የሚችለው ሌፕቶስፓይራ የሚባለው ባክቴሪያ ዓይን ውስጥ ከተገኘ ደግሞ በዓይን ውስጥ ያለውን ዝልግልግ ፈሳሽ በቀዶ ጥገና ማጠብ አለ። የመጨረሻው ዓይኑን ማውጣት ነው።

«እርስዎ ማትረፍ የፈለጉት ማየቱን ነው ወይስ ዕረፍቱን?» ብላ ጠየቀችኝ። በግራው ዓይን መልሱ ቀላል ነበር። እጅ ወደ ዓይኑ ሲወረወር አይርገበገብም። ግፊቱም ከፍ ብሏል። የማያይ ዓይን በየጊዜው እያመመው መድኃኒት ማፍሰስ ምን ይጠቅመዋል? እንዲወጣ ወሰንኩ። ወዳጆቼ መልኩ ያስጠላል አሉኝ። እውነት ነው፣ ለሰው ዓይን ያስጠላል፤ ፈረስ ግን መስታወት አያይም።

ማደንዘዣ ተሰጥቶት ቆሞ ነው የተሠራለት። ቁስሉ ሲድን ያየሁት ለውጥ ግን አስገረመኝ። መኖውን ጥርግ አድርጎ መብላት ጀመረ፣ መቦረሽም ወደደ። ለካ ዝምታው ጠባዩ አልነበረም፣ ሕመም ነበር።

አሁን በግራ በኩል ስቀርበው ከሩቅ እያወራሁ ነው የምመጣው። የፈረስ ዓይኖች ከጎንና ከጎን ስለሆኑ አንዱ ሲጠፋ ያ ጎን በሙሉ ይጨልማል። ውኃና መኖው ቦታ አይቀያየርም። አጥሩ ላይ የወጣ ሚስማር ፈልጌ ነቅያለሁ። ቀኙ ዓይን ፀሐይና ዝንብ የሚከላከል መረብ ይለብሳል። ሌፕቶስፓይራ በአይጥና በከብት ሽንት ስለሚተላለፍ ከኩሬ እንዳይጠጣ አግጃለሁ፣ እህሉንም ክዳን ባለው በርሜል አስቀምጣለሁ። በሽታው በሁለቱም ዓይን ሊመጣ ስለሚችል የቀኙን ሽፋሽፍት በየጠዋቱ አያለሁ። እስካሁን ቀጥ እንዳለ ነው። ከተነሳበት ግን ሳይክሎስፖሪኑን ሳይዘገይ እንደምንሞክር ከወዲሁ ተነጋግረናል።

በሚያውቀው መንገድ ተጭኖ ይሄዳል፤ ዝላይ ግን አላስበውም። ባለፈው አንድ ሰው ሊገዛው መጥቶ ዙሪያውን አየውና ወደደው። የቀኙም ዓይን አንድ ቀን ሊታመም እንደሚችል ነገርኩት፣ ደብተሩንም አሳየሁት። ሁለት ገጽ አነበበና አመስግኖኝ ሄደ።