በጥፍር የጸደቁ ችግኞች

ጥር አጋማሽ ላይ ነው። ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ብርዱ አጥንት ሰብሮ የሚገባበት ጠዋት። ደብተር ይዤ ተዳፋቱ ላይ ከጉድጓድ ጉድጓድ እየዘለልኩ ችግኝ እቆጥራለሁ። ሥራው ደመወዝ የለውም። እንዲያውም በወር 50 ብር የማዋጣው እኔው ነኝ።

የሰፈር የአየር ንብረት ቡድን አለን። የጀመርነው ክረምት በመጣ ቁጥር ከጦሳ የሚወርደው ጎርፍ ጓሯችንን እየጠረገ ቦርከና ወንዝ ሲገባ ማየት ስለሰለቸን ነው። ቴሌግራም ላይ 60 ነን። ዶማ ሲያዝ ስምንት። እኔ ጸሐፊ ነኝ። እኛ ዘንድ ጸሐፊ ማለት ሌላው የማይፈልገውን ሁሉ የሚሠራ ማለት ነው። ቆጠራውም በዚያው መጣብኝ።

የተከልነው 600 ነበር። ጽድ፣ ወይራና ግራቪሊያ። ከግማሽ በላይ ግራቪሊያ ነው፤ የተሰጠን እሱ ስለነበረ። ችግኙ የፈላው ደግሞ ኮምቦልቻ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ። መንገዱ አጭር ነው፤ ግን የሐረጎን ዳገት ሲወጡ ሰው ሁሉ ጃኬቱን ይፈልጋል። ለጋ ግራቪሊያ ምን ይደርባል? ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩ መጣና ቅጠሉን እንደ ሻይ ቅጠል አጠቆረው።

ሌላም አለ። ባነር እስኪታተም ስንጠብቅ የተከልነው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ቀድሞ መቆፈር የነበረበት ጉድጓድ በዕለቱ ተቆፈረ። አራት ቦታ ላይ የደረቀውን ስነቅል ሥሩ ከነጥቁር ላስቲኩ ወጣ። ላስቲኩን ሳይቀድ የተከለው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ፎቶ አለኝ። ፎቶው ላይ ዶማ ይዞ ይስቃል። ስም አልጠራም።

ቆጥሬ ስጨርስ 214 ሆነ። ደግሜ ቆጠርኩ። 214።

ስብሰባው የተለመደው ቦታ ነው፣ ተዳፋቱ ሥር ያለው የእማማ ቤት። ቶናው ሲቀዳ ቁጥሩን ተናገርኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሰብሳቢያችን ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሰውዬውን አትፍረዱባቸው። ችግኙን ከኮምቦልቻ ያመጣው የአይሱዙ ኪራይ ከጡረታ ደመወዛቸው ነው የወጣው።

«ከስንት?»

«ከ600፣ ጋሼ።»

«አንተ ልጅ፣ ጸደቀ ማለት ምን ማለት ነው?»

«የቆመ፣ ቅጠል ያለው።»

«ቅጠል ከሌለው ሞቷል?» አሉና ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እኔ እንግዲህ ጠጉር የለኝም። ቅበሩኛ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። የተሸነፍኩት እዚያች ላይ ነው። ከሳቁ በኋላ ምን ብዬ ልከራከር?

በማግስቱ አብረን ወጣን። ጋሼ የጥፍር ምርመራ የሚሉት ነገር አላቸው። እውነቱን ለመናገር ፈጠራ አይደለም፤ ችግኝ የሚያፈላ ሁሉ ያውቀዋል። ቅርፊቱን በጥፍር ፋቅ ስታደርገው ከሥሩ አረንጓዴ ከታየ ነፍስ አለው። ቡኒ ከሆነ አልቋል። ችግሩ ጋሼ ቡኒ ሲያገኙ አያቆሙም። ትንሽ ዝቅ ብለው ይፍቃሉ። እዚያም ቡኒ ነው። ዞር ብለው በጀርባው ይፍቃሉ። አንዲት ወይራ ላይ እንደዚህ እያሉ ከጫፍ እስከ አፈሩ ድረስ እንደ ሸንኮራ ላጧት። ቁልቁል ጎንበስ ብለው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ «ያው! አረንጓዴ!» አሉ።

«ጋሼ፣ እሱ ሽበት ነው።» እውነትም የድንጋይ ሽበት ከአጠገቡ ተለጥፎ ነበር።

«ጻፍ ብዬሃለሁ።»

ጻፍኩ።

የሚገርመኝ ጋሼ የቅሬያችንም፣ የእድራችን ማለት ነው፣ ሰብሳቢ መሆናቸው ነው። ስንት ዓመት ሙሉ የሞተ ሰው መዝግበዋል። ቅሬ ላይ አንድ ሰው አይሳሳቱም። የሞተ ችግኝ ሲሆን ግን እጃቸው አልታዘዝ ይላል።

ከሰዓት በኋላ ላይ 552 ደረስን። 92 ከመቶ ማለት ነው። 550 ቢሆን እኔም እጠራጠር ነበር። ያቺን ሁለት ከየት እንዳመጧት እስካሁን አልገባኝም፤ ሪፖርት የሚያሳምረው ግን እንደዚያች ያለችው ሁለት ናት።

ስንወርድ እማማ አጥራቸው ላይ ቆመው ጠበቁን።

«እሺ፣ ስንቱ ጸደቀ?»

«552» አሉ ጋሼ፣ እኔን ሳያዩ።

እማማ ወደ ተዳፋቱ ቀና አሉ። ከታች ሲታይ ደርቆ የቆመ እንጨት ነው። ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ከሞተ በኋላ የሚጸድቅ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር።»

ጋሼ ራሳቸው ከት ብለው ሳቁ። ሪፖርቱ ግን 552 ብሎ ሄደ። የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ይህን መደበቅ አልችልም። ለቀጣዩ ክረምት ችግኝ የሚሰጠን መሥሪያ ቤት መጀመሪያ የሚያየው የጽድቀት መጠን የምትለዋን ሳጥን ነው። 36 ከመቶ ብዬ ብጽፍ ማን ይሰጠናል? ለራሴ የነገርኩት እንደዚያ ነው። ደግሞስ አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ወዲህ የተለማመድነው የተተከለ መቁጠር ነው። በ2011፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ተተከለ ሲባል ሁለቱን የተከልኩት እኔ ነበርኩ። ዛሬ የት እንዳሉ ብትጠይቁኝ አላውቅም። አልሄድኩማ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እኔ ልክ፣ ጋሼ ስህተት።

በልጉ ዘንድሮም ዘገየ። «ድሮ የካቲትን አያልፍም ነበር» ይላሉ እማማ። ሲመጣ ግን ጥቂት ቀን ደህና አርጎ ጣለ። ግንቦት መጀመሪያ ላይ ብቻዬን ወጣሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ግራቪሊያው እንዳለ ነው፣ ማገዶ። ጽዱም ከቆጠርኩት አልጨመረም። ወይራው ጋ ስደርስ ግን ቆምኩ። ሞቷል ብዬ ኤክስ ካደረግኩበት ጉድጓድ፣ ከደረቀው ግንድ ሥር፣ ጥፍር የምታህል ቅጠል ወጥታለች። ሌላው ጋ ሄድኩ። እዚያም አለች። እማማ ለካ ክረምት እስኪመጣ እያሉ የእጣቢ ውሃ በባልዲ ሲያመላልሱ ከርመዋል። ለማንም አልተናገሩም፤ ሪፖርት አይጽፉም።

ያቺ እንደ ሸንኮራ የተላጠችው ወይራስ? ሁለት ቅጠል። ልክ ጋሼ «አረንጓዴ!» ካሉበት ከሽበቱ ጎን።

ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። 33። ደብተሬ ላይ በእርሳስ 247 ብዬ አረምኩ።

ማታ ጋሼ ደወሉ። ሰው አይቶኝ ነግሯቸዋል፤ ደሴ ናታ።

«ወጣህ አሉ። እንዴት ናቸው ልጆቻችን?»

«ያው ናቸው፣ ጋሼ።»

«ምንም አዲስ ነገር የለም?»

«ምንም።»

እንዴት ብዬ ልንገራቸው? 33 ተጨመረ ብላቸው ሌሊቱን 585 ያደርጉታል።