የደም ቆጠራ ውጤቶችን ወደ አንድ አጻጻፍ ያመጣሁበት መንገድ

በምሠራበት የሕክምና ላብራቶሪ የሙሉ ደም ቆጠራ ውጤት ከሁለት የተለያዩ ማሽኖች ይወጣ ነበር። የነጭ የደም ሕዋስን ብዛት አንደኛው 6.5 × 10³ በማይክሮ ሊትር፣ ሌላኛው 6.5 × 10⁹ በሊትር ብሎ ያትመዋል፤ በእጅ የቆጠርነውን ደግሞ 6,500 ብለን እንጽፈው ነበር። ሦስቱም አንድ ናቸው። ሆኖም የቀድሞውን ወረቀት ከአዲሱ ጋር አስተያይቶ «6,500 የነበረው ወደ 6.5 ወረደ» ብሎ የሚደነግጥ ታካሚ አይፈረድበትም። ስለዚህ መዝገባችንን ወደ አንድ አጻጻፍ የማምጣቱን ሥራ በፈቃዴ ተቀበልሁ።

የጀመርሁት ከእጅ ቆጠራው ነው። በኒውባወር መቁጠሪያ መስታወት ላይ አራቱ የማዕዘን ካሬዎች በድምሩ 0.4 ማይክሮ ሊትር ይይዛሉ፤ ደሙ 20 እጥፍ ቀጥኖ በአራቱ ካሬዎች 130 ሕዋሳት ከተገኙ፣ 130ን በ20 አባዝቶ ለ0.4 ማካፈል 6,500 ይሰጣል። ይህንን በሳይንሳዊ አጻጻፍ ለመጻፍ ነጥቡ ከ6 ቀጥሎ እስኪቆም ድረስ ሦስት ቤት ወደ ግራ ይሄዳል፤ ውጤቱም 6.5 × 10³ ይሆናል። ብዙዎች ከትምህርት ቤት ይዘውት የሚመጡት «ዜሮዎቹን ቁጠር» የሚለው አቋራጭ እዚህ ላይ አይሠራም፤ ዜሮዎቹ ሁለት ሲሆኑ አርቢው፣ ማለትም በ10 ራስጌ ላይ በትንሹ የሚጻፈው ቁጥር፣ 3 ነውና። መቆጠር ያለባቸው ነጥቡ ያለፈባቸው ቤቶች ናቸው። ከማይክሮ ሊትር ወደ ሊትር መሻገሩ ግን ቀላል ነው፦ አንድ ሊትር 10⁶ ማይክሮ ሊትር ስለሆነ አርቢዎቹ ተደምረው 10³ ወደ 10⁹ ይለወጣል፤ 6.5 አይነካም።

ደም እንዲረጋ የሚረዱት የፕላትሌቶች ቁጥር ትንሽ አቆየኝ። ማሽኑ 250 × 10³ በማይክሮ ሊትር ብሎ ያትማል፤ ይህ ትክክል ነው፣ ነገር ግን ከፊት ያለው አባዢ ከ10 ማነስ ስላለበት በመደበኛው ሳይንሳዊ አጻጻፍ 2.5 × 10⁵ ነው። ልዩነቱ የሚጎላው ሁለት ውጤቶች ሲነጻጸሩ ነው። 98 × 10³ እና 1.2 × 10⁵ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዓይን ፈጥኖ የሚያርፈው በ98 ላይ ነው፤ የመጀመሪያው 9.8 × 10⁴ ተብሎ ሲጻፍ ግን አርቢው ብቻ የትኛው እንደሚያንስ ይናገራል። በሐኪሙ ወረቀት ላይ የማሽኑ አጻጻፍ እንዲቀር የተስማማሁት ሐኪሞች 150 እና 450 የሚሉትን የጤናማ መጠን ወሰኖች በዚያው መልክ ስለለመዷቸው ነው፤ በስሌት ጊዜ ግን ሁልጊዜ ወደ መደበኛው እመልሰዋለሁ።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የጠየቀኝ አሉታዊው አርቢ ነው። የአንድ ቀይ የደም ሕዋስ አማካይ ይዘት ወደ 90 ፌምቶ ሊትር ገደማ ሲሆን፣ አንድ ፌምቶ ሊትር 10⁻¹⁵ ሊትር ነው። 90 × 10⁻¹⁵ን ለማስተካከል አባዢው ከ90 ወደ 9.0 ሲወርድ፣ ዋጋው እንዳይለወጥ አርቢው በአንድ ከፍ ማለት አለበት፤ ከ−15 በአንድ ከፍ የሚለው −14 ነው። አባዢው አነሰ ብሎ አርቢውንም ወደ −16 ማውረድ ቁጥሩን መቶ እጥፍ ያሳንሰዋል።

ይህንን ለማረጋገጥ የምጠቀምበት መንገድ ከራሱ ከደሙ የተገኘ ነው። በአንድ ሊትር ደም ውስጥ 5.0 × 10¹² ቀይ ሕዋሳት ካሉና እያንዳንዳቸው 9.0 × 10⁻¹⁴ ሊትር ከያዙ፣ አባዢዎቹ ተባዝተው 45፣ አርቢዎቹ ተደምረው −2 ይሰጣሉ፤ 45 × 10⁻² ማለት 0.45፣ ማለትም 45 በመቶ ሄማቶክሪት (ከደሙ ውስጥ ቀይ ሕዋሳት የያዙት ድርሻ) ነው። ጤናማ ሰው ላይ የሚጠበቅ ቁጥር ነው። በ−14 ፋንታ −16 ተጽፎ ቢሆን 0.45 በመቶ ይወጣ ነበር፤ ይህ ደግሞ በሕይወት ያለ ሰው ደም ሊሆን አይችልም። ብዙ ማሽኖች ሄማቶክሪትን የሚያወጡት በዚሁ ስሌት ስለሆነ፣ ማመሳከሩ የማሽኑን ጥራት አይፈትሽም፤ የሚያጋልጠው በግልበጣ ጊዜ የተፈጠረ ስሕተትን ነው። ለእኔ ግን ይህ ብቻውን ትልቅ ጥቅም ነው፤ ከእነዚህ ቁጥሮች በስተጀርባ ሕክምና የሚጠብቅ ሰው አለ።

መዝገቡን ወደ ኤክሴል ስናዛውር 4,850,000,000,000 ብለን ያስገባነውን 4.85 አድርጎ፣ ከኋላው የእንግሊዝኛውን «ኢ» ፊደልና +12 ጨምሮ አሳየን። ቁጥሩ አልተበላሸም፤ ፊደሉ «ሲባዛ በ10» ማለት ሲሆን ቀጥሎ ያለው አርቢው ነው። ያም ቢሆን በሰንጠረዡ በየሳጥኑ ረጅም ቁጥር ከመጻፍ ይልቅ አሃዱንና የ10 ርቢውን በዓምዱ ራስጌ ላይ አስፍሬ ከሥሩ አባዢው ብቻ እንዲገባ አደረግሁ። ለእጅ ቆጠራም ከነጥብ በኋላ አንድ አሃዝ ብቻ ፈቀድሁ፤ 130 ሕዋስ ቆጥሮ 6.500 ብሎ መጻፍ ያልለካነውን እንደለካን ማስመሰል ነውና።